ዜሮ ርቢ

አፉላ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤
የመኪና ማቆሚያው ጭር ብሎ ተኝቷል።
እኔ ከዘብ ጎጆ፣ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣
ታርጋ እተነትናለሁ እስኪገረጣ ሰማይ።

ሦስቱን የኋላ አኃዝ ይዤ እሞግታለሁ፤
«ለሁለት ትሆኛለሽ?» ብዬ እጀምራለሁ፤
እምቢ ካለች ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፤
ለማንም ካልሆነች፣
ባለቤቷ ሲመጣ ትኩር ብዬ አየዋለሁ።

የነጩ ቶዮታ አምስት መቶ አራት፦
ሁለት ሦስቴ፣ ሦስት ሁለቴ፣ ከኋላ ሰባት፤
ሰንበት ሲገባ የሚንጫጫ ቤት፣
ወንበር የሚያንሰው ራት።
ሁለት መቶ ሃያ አንድን ግን ሳምንት አዘንኩላት፤
ወገን የሌላት መስሎኝ፣ የሚካፈላት፤
ለካ አሥራ ሦስት እና አሥራ ሰባት
ጓዳዋ ውስጥ ኖረዋል፣ መብራት አጥፍተውባት።

ትምህርቴ? ሰባተኛ ክፍል፣ ወገራ።
ርቢ ከሚለው ምዕራፍ ደርሼ ነበር፤
መምህሩ ጠመኔውን እንዳነሳ፣
ያገሬው ሰው በሌሊት ተነሣ።
የቀሩትን ገጾች በእግሬ ነው የጨረስኩ፤
ሱዳን የቀሩትን ግን እስካሁን አልቆጠርኩ።

ጠዋት ቤት ስገባ፣ ሞሪያ ፈተና አለባት፤
የመብራት ቢል ጀርባ ላይ ቁጥር በትናለች።
«አባ፣ ይሄ ባንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለች።
«ብቸኛ ቁጥር» ስላት፣ እርሳሷን ጣል አረገች፤
«ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የተገለለ?»
ብላ ሳቀች።
«እኛ ዘንድ ራሾኒ ነው፤ መጀመሪያ ማለት፤
ሌላው ሁሉ ቁጥር የሚሠራበት።»

ማንቆርቆሪያው ፈላ፤ ተነሥቼ አላጠፋሁት።
ይህን ሁሉ ዓመት፣ እዚች ከተማ፣
ብቸኛ ነኝ ስል ኖሬ፣
መጀመሪያ መሆኔን ከልጄ ልስማ?

ቁጥሩ ትከሻ ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ፣
እነሱ «ጉልበት» አሏት፣ እኛ «ርቢ»፤ እንዳሻሽ።
አምና ወንድሟን ልንድር፣ አባ መርሻ ተጠርተው፣
ሰባት ትውልድ ቆጠሩ፣ ዝምድና እንዳይኖር ፈርተው፦
ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣
ቅድመ አያት ስምንት፣ ምንጅላት አሥራ ስድስት፣
እንጅላት ሠላሳ ሁለት፣
ፍናጅ ስድሳ አራት፣
ቅናጅ መቶ ሃያ ስምንት።
ከመቶ ሃያ ስምንቱ አርባ አንድ ስም ጠሩ፣
ከዚያ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ የቀሩት ቀሩ።
(አርባ አንድም አይከፈልም። ማታ ሞክሬዋለሁ።)

«ይሄስ ገባኝ» አለች። «ዜሮ ርቢ ግን?
ሁለትን ዜሮ ጊዜ… ምንም ሆኖ አይቀርም?
አንድ የሚሆነው ለምን?»

እዚህ ላይ ነበር ያኔ ጠመኔው የቆመ።
መልስ የለኝም፤ ግን በአባ መርሻ መሰላል ወረድን፣
በየደረጃው ግማሹን እየጣልን፦
ከስድሳ አራት ወደ ሠላሳ ሁለት፣
አሥራ ስድስት፣ ስምንት፣ አራት፣
ሁለት።
«ሁለቱ እኔና እናትሽ ነን። አሁንም ግማሹን ጣይ፤ ማን ቀረ?»
እርሳሱን ነከሰች። ዐይኗ ጠረጴዛው ላይ ዞረ።
ቢሉ ጥግ «1» ጻፈች፤ ከሥሩ ስሟን።
ፈተናው ላይም እንዲሁ አደረገች፤
ግማሽ ነጥብ ተቀነሰባት።

ዛሬ ሌሊት አንዲት አሮጌ ሱባሩ መጣች፣
ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።
ከሁለት ተነሥቼ እስከ ሠላሳ አንድ ሄድኩባት፤
ለአንዱም አልተበገረች።
«መጀመሪያ ነሽ» አልኳት፣ ብረቱን ሳነሣላት።
«ማ?» አለችኝ ሴትዮዋ መስኮቷን ዝቅ አርጋ፤
በእሷ «ምን?» ማለት ነው፣ በእኔ ጆሮ «ማን?»
«እለፊ» አልኳት፣ ብረቱ ሳይዘጋ።